አባቴን ክሊኒክ ውስጥ ያስዜሙት ሲስተር አስካለ

ጠዋት ስልኬን ስከፍት የሲስተር አስካለን ፎቶ ከሻማ ጋር አየሁት። አንዱ ተሳስቶ የለጠፈው ነው ብዬ ልጃቸው ጋ ደወልሁ። እውነት ነው አለችኝ። አሁንም አላመንሁም።

ለማታውቋቸው፦ በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ላይ ጤና ረዳት ለመሆን ስንሠለጥን ያስተማሩን ነርስ ናቸው። ከአዲስ አበባ ተመድበው መጥተው እዚሁ ቀሩ።

ከአንጎል የሚወጡትን አሥራ ሁለት ጥንድ ነርቮች ያስተማሩን በገዛ ፊታቸው ነበር። አንድ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ጉንጫቸውን ይነፋሉ፣ ምላሳቸውን ያወጣሉ፣ ትከሻቸውን ይሰብቃሉ። እኛ በሳቅ ስንፈርስ እሳቸው ፍንክች የለም። "አትገምቱ፣ ነርቩን ጠይቁት" ይሉን ነበር።

አንድ ቀን አባቴ ከዘጌ በታንኳ ወደምንለማመድበት ክሊኒክ መጡ። የዜማ መምህር፣ መሪጌታ ነበሩ። ከእንቅልፋቸው ሲነሱ የፊታቸው ቀኝ ጎን ወድቆ፣ አፋቸው ተጣሞ ተገኘ። ጎረቤቱ ጋኔን በጥፊ መታቸው ብሏል። አባቴ ግን ለመልካቸው አልነበረም ያዘኑት፤ ዜማዬ ሄደ ብለው ነው። አፋቸውን በኩታ ሸፍነው ከማኅሌት ቀሩ። ተማሪዎቻቸውንም ሌላ መምህር ፈልጉ ሊሏቸው ነበር።

ሲስተር መጀመሪያ ቅንድባቸውን ወደ ላይ እንዲያነሱ ጠየቋቸው። በቀኝ በኩል ግንባራቸው አልተሸበሸበም። እኔ ደነገጥሁ፤ ሲስተር ደስ አላቸው። ችግሩ አንጎል ውስጥ ቢሆን ኖሮ ግንባሩ ይሸበሸብ ነበር፣ የተጎዳው ራሱ ሰባተኛው ነርቭ ነው፣ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይድናል አሉኝ።

ቀጥለው ጉሮሯቸውን ለማየት አፍዎን ይክፈቱ ሲሏቸው አባቴ እምቢ አሉ። ያን አፍ ለሴት ማሳየት አፈሩ። ሲስተር ትንሽ አሰቡና፣ "እንግዲያውስ ያዚሙልኝ" አሏቸው።

በዚያ ዘመን፣ በመንግሥት ክሊኒክ! አባቴ ፈራ ተባ እያሉ ጀመሩ። ድምፃቸው ሲከፈት ኩታውን ረሱት፣ ወረደ። ወዲያው የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ በሩ ላይ ደርሶ ምን እየተደረገ ነው አለ።

ሲስተር ዘወር እንኳ አላሉም። "አሥረኛውን ነርቭ እየመረመርኩ ነው፤ ስጨርስ እነግርሃለሁ።"

ሰውዬው ጥቂት ቆሞ አዳመጠና ሄደ።

ከዚያ ወደ አባቴ ጠጋ ብለው፣ "አባ፣ ፊትዎን የሚያዘው ነርቭ ሌላ፣ ድምፅዎን የሚያዘው ሌላ። ከንፈርዎ ደከመ እንጂ ዜማዎ አልተነካም። ጠበልዎን ይጠመቁ፤ ብቻ ያን አልከደን ያለውን ዓይን ሲተኙ በጨርቅ ይሸፍኑልኝ" አሏቸው።

አባቴ በተጣመመ አፋቸው ማኅሌት ቆሙ። ፊታቸውም ውሎ አድሮ ተመለሰ። እኔ ከዚያ ወዲህ ስንቱን በሽተኛ ሳይ ኖርሁ፣ እንደሳቸው ሰውን ሳያሳፍር የሚመረምር ባለሙያ ግን አልገጠመኝም።

ሲስተር፣ አባቴ ቀድመውዎት ሄደዋል። ያኔ ሊያሰናብቷቸው የነበሩት ተማሪዎች ግን ዛሬ ራሳቸው መሪጌታ ናቸው። መርዶዎን ሲሰሙ ሌላ አልጠየቁኝም፣ ቀብሩ የት ነው ብቻ አሉኝ። ነገ በጀልባ ይመጣሉ። በሬሳዎ ፊት የሚያዜሙልዎ እነሱ ናቸው።

ደህና ይሁኑ እናቴ።