በሹሩባ የተደበቀች ቴምብር

የኢሚግሬሽን ፖሊሶች የያዙኝ በስደት በምኖርበት ሰፈር፣ ፍሮግታውን ውስጥ፣ ጎረቤቴ ደጅ ላይ ነው። እሷን ሊወስዱ መጥተው ነበር፤ ቀድማቸው ሄዳለች። እኔ ግን ከበሩ አልነሳም ብዬ ቆምኩ። እጄን ወደ ኋላ አስረው ወሰዱኝ።

ክፍሉ መስኮት የለውም። በረኪና ይሸታል፣ ሲሚንቶው አጥንት ድረስ ይበርዳል፣ መብራቱ አይጠፋም። ውስጡ አንዲት የቶጎ ሴት ብቻ ነበረች። በተሰባበረ እንግሊዝኛችን ተግባባን። ዐቢይ ጾም ስለነበር የሰጡኝን ባለ አይብ ሳንድዊች ለእሷ ሰጠኋት። እሷም ከሹሩባዋ ውስጥ አንዲት ቴምብር አውጥታ አሳየችኝ። ሲይዟት የእህቷን ደብዳቤ ወስደውባታል፤ ቴምብሯን ግን ቀድማ ልጣ ደብቃ ነበር። ሥዕሉ እህቷ የምትኖርበት የፈረንሳይ የባሕር ዳር ከተማ ነው፣ ሯያን ይባላል።

ነጫጭ ቤቶች፣ ረጅም አሸዋ፤ መካከል ላይ ክብ፣ ጣሪያው ጉልላት የመሰለ ነጭ ሕንፃ። ክብነቱን ሳይ አማተብኩና ተሳለምኩት።

ሴትዮዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "ማማ፣ እሱ እኮ ገበያ ነው። ዓሣ ይሸጡበታል።"

እኔም ሳቅኩ። በጾሙ የዓሣ ገበያ ተሳለምኩ።

ከዚያ ነገረችኝ። ከተማው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ወድሞ ነበር፤ በሥዕሉ ላይ ያለው ሁሉ እንደገና የተሠራ ነው። ጠላት ነው ያፈረሰው? ብዬ ጠየቅኳት። አይደለም፣ ነፃ ሊያወጧቸው የመጡት ናቸው አለችኝ። እኔንም ያሰረችኝ ያስጠጋችኝ አገር ናት።

ከሰዓት አንድ ኦፊሰር አስጠራኝ። ወጣት ነው፣ አነጋገሩ ትሕትና አለው። ልጆቼ ከትምህርት ቤት የሚወጡበት ሰዓት መድረሱን አስታወሰኝ። ጎረቤቴ ያለችበትን ብናገር አሁኑኑ ቤቴ እንደምገባ፣ ካልሆነ ሌላ ስቴት ወዳለ እስር ቤት እንደምላክ ነገረኝ። የማላውቅ ከሆነም አላውቅም እንድለው ጠየቀኝ።

ትንሿ ልጄ ፊቴ ላይ ድቅን አለች።

"አውቃለሁ፣ ልጄ" አልኩት። "ክርስቲያን ነኝ፣ አልዋሽህም። የት እንዳለችም አልነግርህም።"

ደግሞ ጠየቀኝ። ያንኑ ደገምኩለት። ወደ ክፍሉ መለሱኝ። ሴትዮዋ ፊቴን አይታ ምንም ሳትጠይቅ አግዳሚው ላይ ጠጋ አለችልኝ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ኋላ ተፈትቼ ልጆቼን አቀፍኩ። ጎረቤቴም ደኅና ናት። ያቺን ሴት ግን ከክፍሉ አወጧት፤ የት እንዳደረሷት አላወቅኩም። ጠዋት ጠዋት በጸሎቴ ስሟን እጠራለሁ። እዚህ ግን አልጽፈውም።