አንደኛ «ለ» በእድር ድንኳን ውስጥ

ስብሰባ ተቀምጣችሁ፣ ሁሉም ሰው «በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው» ብሎ፣ ተጨብጭቦ፣ የታሸገው ውሃ ተጠጥቶ ከተበተናችሁ በኋላ አንድም ነገር ሳይሠራ የቀረበት ጊዜ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። ያውም ስብሰባውን የጠራሁት ራሴ ነበርኩ።

የማስተምረው ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። አንደኛ ክፍል «ለ» የእኔ ነው። በክረምት ያልቃል የተባለው የጣሪያ ጥገና ሳያልቅ ትምህርት ተጀመረ። ሌሎቹን ክፍሎች አጠጋግተን አስገባናቸው፤ የእኔዎቹ ግን ቦታ አጡ። ርእሰ መምህራችን የታያቸው መፍትሔ ልጆቹን ለጊዜው በኡራኤል በኩል ከመንገዱ ማዶ ወዳለ ትምህርት ቤት ማዛወር ነበር። ያን መንገድ ጠዋት ላይ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ትልቅ ሰው እንኳ እጁን ዘርግቶ ሾፌሮቹን እየለመነ ነው የሚሻገረው። ብዙዎቹ ልጆቼ ደግሞ የሚመጡት እዚሁ ከሚማሩ ታላላቆቻቸው ጋር ነው። ሁለት እናቶች ቁርጡን ነገሩኝ፦ «ከተዛወሩ ዘንድሮ ቤት ይቀመጣሉ።»

እኔ ነገሮችን መደርደር እወዳለሁ። ስለዚህ በአካባቢያችን ማን ምን እንዳለው አሰብኩ። እድሩ ትልቅ ድንኳንና አግዳሚ ወንበሮች አሉት። ወረዳው ጠዋት ጠዋት ባዶውን የሚውል የወጣት ማዕከል አዳራሽ አለው። እኛ ሜዳ አለን። ሦስቱንም ጠራኋቸው፤ «ትብብር» የሚል ቃል በትልቁ ጽፌ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አበራሁ፤ ድንኳኑ ሜዳችን ላይ ተተክሎ ክፍል እንዲሆን፣ አዳራሹም እንዲያግዘን ሁሉም ተስማሙ። ሳምንት አለፈ። እድሩ ወረዳውን ይጠብቃል፣ ወረዳው ትምህርት ቤቱን፣ ትምህርት ቤቱ እድሩን።

የእድሩን ሰብሳቢ ፍለጋ ቤታቸው ሄድኩ። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ሆስፒታል ውስጥ አንድ ክፍል ሙሉ ሲመሩ የኖሩ። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ።

«እትዬ፣ ድንኳኑን ልትሰጡን ተስማምተን አልነበር?»

«ተስማምተናል። ማን ይምጣና ይውሰደው?»

«እኔ እመጣለሁ።»

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንቺ? አንዱ ምሰሶ እንኳ ካንቺ ይከብዳል።» ስቀው ሲያበቁ ጋዜጣውን አጠፉት። «ለመሆኑ ሰው የሞተብን ቀንስ?»

«እሱን ያኔ እናስብበታለን።»

«ያኔማ እናለቅሳለን፣ ልጄ። የምናስበው አሁን ነው።»

እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ። እድር የተቋቋመው ለክፉ ቀን ነው። ማን ድንኳን እንደሚተክል፣ ማን ወንበር እንደሚያመጣ፣ ማን ለማን እንደሚናገር የሚወሰነው ማንም ሳይሞት ነው። እኛ የቢሮና የትምህርት ቤት ሰዎች ግን የምናቅደው ሁሉ ነገር ሲሳካ ለሚኖረው ቀን ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ለማስቀመጥ ከክፉው ቀን መጀመር ነበረብን።

ሁለተኛውን ስብሰባ ሜዳው ላይ ቆመን አደረግነው። ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፦ ድንኳኑ በድንገት ለለቅሶ ቢፈለግ ልጆቹ የት ይሄዳሉ? የወረዳው የወጣቶች ጉዳይ ባለሙያ በእኔ ዕድሜ ያለ ልጅ ነው። «አዳራሹ አለ፤ ግን፣ ማለቴ፣ የሚከፈተው አስቀድሞ ደብዳቤ ሲገባ ነው» አለ።

ሰብሳቢዋ ቀበል አድርገው፣ «ስንት ዓመት ሆስፒታል ስሠራ በደብዳቤ ያሳወቀኝ ሟች የለም» አሉ።

ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ራሱ ነበር። ግን ስቆ አልቀረም። ከአለቃው ጋር ተከራክሮ አዳራሹ ለዘወትር ባይፈቀድም፣ ለለቅሶ ቀን ብቻ ለወሰነ ትምህርቱ በሙሉ የሚያገለግል ፈቃድ አወጣ። ሰው ሲሞት ሰብሳቢዋ ለእኔ፣ እኔ ለእሱ እንድንደውል፣ የእድሩ ጎረምሶች ድንኳኑን እንዲነቅሉ፣ ወላጆች ልጆቹን በሰልፍ እንዲወስዱ ተስማማን። እኛም በለቅሶው ቀን ከትምህርት በኋላ ልናግዝ ቃል ገባን፤ የእድሩ የእሁድ ስብሰባም በግቢያችን እንዲሆን ርእሰ መምህሩ ፈቀዱ። ሁሉም የሚሰጠው፣ ሁሉም የሚያገኘው ነገር ነበረው።

ድንኳኑ ተተከለ። በመጀመሪያው ቀን አንዷ ተማሪዬ በሩ ላይ ቆማ አልገባም አለች። «ቲቸር፣ ማን ሞተ?» «ማንም አልሞተም፤ ግቢ።» በሳምንቱ ሌሎቹ ክፍሎች በእኛ ይቀኑ ጀመር።

ከዚያ አንድ ማለዳ ስልኬ ጮኸ። ሰብሳቢዋ ነበሩ። «ልጄ፣ የታችኛው ሰፈር ሽማግሌ አረፉ። ድንኳኑን እንፈልገዋለን።» ለመልካም ቀን ብቻ የወጣ ዕቅድ ቢሆን ኖሮ ያን ዕለት ልጆቼን ወደ ቤት እመልስ ነበር። ለወረዳው ልጅ ደወልኩ።

«በቃ፣ እየወጣሁ ነው» አለና ዘጋው።

ትምህርት ቤት ስደርስ ድንኳኑ ግማሹ ወርዷል። ወደ አዳራሹ ሮጥኩ። ባለሙያው እጅጌውን ሰብስቦ ይጠርጋል፤ ከሰዓት በኋላ ማዕከሉ ውስጥ የሚጫወቱት፣ እሱ የጠራቸው ወጣቶች የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ ይገፋሉ። «ቲቸር፣ ልጆችሽ ጠረጴዛችንን ቢነኩ በአንቺ ነው የምንጫወተው!» አለኝ አንዱ። ወዲያው ልጆቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ እናቶች ከፊትና ከኋላ ሆነው በውስጥ ለውስጡ መንገድ ብቅ አሉ። ስም ጠራሁ። አንድም የቀረ አልነበረም። ደግሜ ጠራሁ፤ ልጆቹ የረሳሁ መሰላቸው።

ከትምህርት በኋላ እንደ ቃላችን መምህራኑ ሁሉ ወንበር ለመሸከም ለቅሶ ቤት ሄድን። የሟቹ ልጅ ማን እንደሆንኩ ሲነገረው አንገቱን ደፍቶ፣ «የልጆቹን ቦታ ቀማናቸው አይደል?» አለኝ።

«አልቀማችኋቸውም። ሁሉም ተምረው ነው የዋሉት» አልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ኮርቼ የተናገርኩት ዓረፍተ ነገር የለም። ሰብሳቢዋ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። «ተቀመጪ፣ እድርተኛዋ።»

ለቅሶው ሲያበቃ ድንኳኑ ተመለሰ፤ ጣሪያው ሲያልቅም ወደ ክፍላችን ገባን። እናቶቻቸው ቤት ሊያስቀምጧቸው የነበሩት ሁለቱ ልጆች ዛሬ ማንበብ ችለዋል፤ አንደኛው እንዲያውም ዝም በል ካልተባለ አያቆምም።

እናንተም እድርን፣ ማኅበርን፣ ወረዳን ወይም ትምህርት ቤትን ለአንድ ሥራ ልታገናኙ ስታስቡ ይህን ሞክሩ። ከመስማማታችሁ በፊት ሥራው የሚሰናከልበትን ቀን ምረጡና፣ «በዚያ ቀን ማን ለማን ይደውላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰው ዝም ቢላችሁም አትደንግጡ፤ አንዱ «እኔ» እስኪል ድረስ ብቻ ጠብቁ።