ሴት ልጅ በወለደች ማግስት የጻፈችው ግጥም

በኮሪያ የቡሳን ወደብ ሰው መጠጥ ሲይዝ ከሚያንጎራጉራቸው የሆድ ብሶት ዘፈኖች ግማሹን የጻፈችው ማልሱን ናት፤ ይህን የሚያውቅ ግን የለም። ግጥሞቹ የወጡት ኩ በሚባል የዘፈን ግጥም ደራሲ፣ በመምህሯ ስም ነው። ጀማሪ የጻፈውን ለመምህሩ ማስረከቡ የሙያው ደንብ ነበር። ወንዶቹ ጥቂት ቆይተው በየስማቸው እንዲያወጡ ተፈቀደላቸው። እሷን ግን ኩ «የሴት እንባ በየቤቱ ሞልቶ ማን ይገዛሻል?» አላት። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የዚያን ስስታም ሽማግሌ ስም ከመቃብሩ በላይ ያዋለችው እሷ ናት።

ቤትም ውስጥ ስም አልነበራትም። ከወለደች ወዲህ ለባልም ለጎረቤትም «የሄጂን እናት» ሆና ቀረች። ግጥም የምትሠራው ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ጥሩ ቃል ሲመጣላት ከንፈሯን ትገጥማለች፤ በወሬ የወጣ ቃል ለዘፈን አይሆንም ብላ ታምን ነበር። ልጇ ከትምህርት ቤት እያለቀሰች ስትመጣ እንኳ «ታጠቢና ብዪ» ትላታለች እንጂ ሌላ አትጨምርም።

ጊዜው ደርሶ ሄጂንም ሴት ልጅ ወለደች። ማልሱን እንደ ወጉ የአራስ የባሕር ቅጠል ሾርባ ሠርታ ሄደች። ስትገባ ሄጂን ከስልኳ ዘፈን ከፍታ እንባዋን ትጠርጋለች። ዘፈኑ አንዲት አራስ ለሕፃኗ የምትለው ነው፤ ሴት መውለዷ ሲሰማ አማቷ ለሾርባ የዘፈዘፈችውን ቅጠል ደፍታባታለች።

«መምህር ኩ ወንድ ሆኖ ይሄን እንዴት አወቀው?» አለች ሄጂን። «አንቺ ወልደሽኝ አንድ ቀን እንዲህ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

ማልሱን ሳህኑን አስቀመጠች። «እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«ኧረ እማዬ፣ በሞተ ሰው ሥራ አትቀልጂ።»

«ቅጠሉን የደፋችው አያትሽ ናት። በማግስቱ ተነስቼ ሾርባውን ለራሴ ሠራሁ። አንቺን አዝዬ፣ እዚያው ምድጃው ዳር ጻፍኩት።»

ሄጂን ዘፈኑን ዘጋችው። ማልሱን ልጇ እቅፍ አድርጋት «የኔ እናት» እስክትላት ጠበቀች። በሕይወቷ የተመኘችው ምስጋና ይኸው አንዱ ነበር።

«ይሄ ሁሉ ቃል ነበረሻ» አለች ሄጂን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። «ሰካራሙ፣ የታክሲ ሾፌሩ ሁሉ ሰምቶታል። እኔ ምን አድርጌሽ ነው የነፈግሽኝ?»

ማልሱን የምትመልሰው ፈለገች። አፏ ላይ የመጣው ሁሉ ግን ድሮ በመምህሯ ስም ለዘፋኝ የተሸጠ ስንኝ ነበር፤ ሄጂን ደግሞ ሁሉንም በቃሏ ታውቀዋለች።