ሽቦ ልትተምን የገባችበት ቤት

ሰፈሩ «ሽቦ» ነው የሚላት። የቤት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናት። ሰውነቷ ቀጭን ነው፣ ፀባይዋ ግን እንዳሻቸው የሚያጣጥፉት ዓይነት አይደለም። እናቷ ባወጣችላት ስም የሚጠራት ባሏ ብቻ ነው፤ እሱም ሲቆጣ።

ሰው ሁሉ የሚያማርርባት አንድ ነገር አለ፦ ዋጋ በዓይን ግምት አትናገርም። ሌሎቹ ባለሙያዎች በር ላይ ቆመው ጣሪያውን ቀና ብለው ያዩና ቁጥር ጣል አድርገው ይሄዳሉ። እሷ ግን ግድግዳውን እያንኳኳች፣ ኮርኒሱ ውስጥ አንገቷን አስግጋ፣ ከየክፍሉ ሶኬት ፈትታ ገመዱን በጣቷ ሳታሸው አፏ አይከፈትም።

«ሐኪምም ሆድ ሳይነካ መድኃኒት አያዝም» ትላለች።

«ሐኪምማ ካርድ ያስቆርጣል፤ አንቺ በነፃ ነው የምትነካኪው» ይላታል ባሏ ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ሳይል።

ከዋናው መንገድ ዳር ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ የቤቱን የኤሌክትሪክ መስመር በሙሉ ሊያስቀይር ፈልጎ የጠራትም ይህን ፀባይዋን ሰምቶ ነው። ክንዱ የሰው ጭን ያክላል፣ ድምፁ ግን ዝቅ ያለ ነው። ሚስቱ ባለፈው ዓመት እንደሞተችበት ሽቦ ሰምታለች። በምን እንደሞተች ግን የነገራት የለም፤ ሰፈራቸውም ሩቅ ለሩቅ ነው። ልጃቸውን ከቀበሩ ወዲህ አማቱ ከእሱ ጋር ይኖራሉ። በር የከፈቱላትም እሳቸው ናቸው።

«ግቢ ልጄ። ቤቱን አገላብጠሽ እዪልኝ» አሏት።

ሳሎኑን አየች፣ መኝታ ቤቶቹን አየች። ገመዱ ቀጭን ነው፤ ሽፋኑ ሲነኩት እንደ ደረቅ ቅርፊት ይፈረፈራል። የአንዱ ክፍል መብራት ከሌላው ክፍል ሶኬት ተጠልፎ የመጣ ነው። «ይሄ ዘመድ የሠራው ነው» አለች ለራሷ። ዘመድ የሠራውን ታውቀዋለች፤ አይጠየቅበትምና ሁሌም በችኮላ ነው።

የገላ መታጠቢያው በር ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል።

«ይሄንንስ?»

ከክፍል ክፍል ሲከተላት የነበረው ጎሚስታ በሩ ፊት ቆመ። «እሱን ብትተዪውስ? በጓሮ ነው የምንታጠበው።»

«ጋሼ፣ ቦይለር ያለበት ክፍል ሳይታይ ዋጋ የለም። ከቤቱ ሁሉ የሚከፋው እሱ ነው።»

ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። በሩ ሲከፈት የታፈነ እርጥበት ሸተተ። ቦይለሩ ተነቅሏል፤ ሶኬቱ ብቻ ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ቀርቷል። ሽቦ በርጩማ ላይ ወጣች። ካቻቢቷን ስታወጣ የውጭው በር ተከፈተና የሟቿ ታናሽ ወንድም ገባ። ቧንቧም፣ ቀለምም፣ ኤሌክትሪክም የሚነካካ፣ የጀመረውን የማይጨርስ ወጣት ነው። የዚህን ቤት መስመር ከዓመታት በፊት የዘረጋውም እሱ ነበር።

«ጋሼ፣ እኔ እያለሁ ሌላ ሰው ትጠራለህ?» አለ ገና ከሳሎኑ። «በነፃ እቀይርልሃለሁ ስልህ አልነበር? ይቺ ልጅ ምን አግብቷት ነው?»

«እናቴ ናት ያስጠራቻት» አለ ጎሚስታው አማቱን በዓይኑ እያሳየ። «የውጭ ሰው ይየው አለች።»

ሽቦ የጭቅጭቁ ነገር አልገባትም። ሶኬቱን ፈታች፣ ከኋላው ያለውን ሳጥን በባትሪ አየችና አፏ እንዳመጣላት ተናገረች።

«ጉድ ነው። ይሄን የሠራው ሰው ማንንም ሳይገድል መቅረቱ ተአምር ነው።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው ይባላል። አሮጊቷ የመታጠቢያውን በር ጉበን በእጃቸው ያዙ። የጎሚስታው ሚስት የሞተችው እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ገላዋን ስትታጠብ፣ ኤሌክትሪክ ይዟት ነበር። ሁሉም «ቦይለሩ አሮጌ ነበር፣ ዕድሏ ነው» ብለው ቀብረዋት ነበር።

የሟቿ ወንድም ዘሎ ገብቶ ሽቦን በኮሌታዋ ጨምድዶ ከበርጩማው ጎተታት። ጀርባዋ ከእጅ መታጠቢያው ጠርዝ ጋር ተላተመ፤ ትንፋሿ ቆመ። «ውጪ! ዋጋ ለማስወደድ ነው የምታወሪው» አላትና በጥፊ ጆሮ ግንዷን አጮላት። ግራ ጆሮዋ ጭው አለ።

«ተዋት» አለ ጎሚስታው በዚያው ዝቅ ባለ ድምፅ። ከዚያ ወደ ሽቦ ዞረ። «እስቲ ድገሚው። ምን አየሽ?»

አሁን የሆነ ነገር ገብቷታል። ግን ያየችውን አላየሁም የማለት ልማድ አልነበራትም፤ ጆሮዋም ገና እየነደደ ነበር።

«ከቦይለሩ ኤሌክትሪክ ቢያመልጥ ወደ መሬት የሚወስደው ገመድ ተቆርጦ ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል። በራሱ የተበጠሰ አይደለም፣ በፒንሳ ነው። መስመሩም ብሬከሩን ዘሎ ነው የመጣው። ምንም ቢፈጠር የሚያጠፋው ነገር የለም።»

ጎሚስታው የሚስቱን ወንድም አየው። «አንተ ነህ?»

«ብሬከሩ እየወረደ አስቸገረን ያላችሁኝ እናንተ አይደላችሁም?» አለ ወጣቱ። «አስተካክለው አልከኝ፣ አስተካከልኩት።»

«ከቀብሩ ወዲህስ ታውቅ ነበር?»

ወጣቱ ዓይኑን ወደ መሬት ሲሰብር ጎሚስታው የፈለገውን አገኘ።

የመጀመሪያው ቡጢ አፉ ላይ አረፈ። ሽቦ የጥርስ መሰበር ድምፅ ሰማች፤ ሸክላ ላይ ጠጠር ሲወድቅ የሚሰማው ዓይነት። ወጣቱ ወደ ኋላ ሲንገዳገድ ጎሚስታው ፀጉሩን ይዞ ግንባሩን ከግድግዳው ጋር አላተመው፣ ደገመ፣ ሠለሰ። በግድግዳው ነጭ ሸክላ ላይ ደሙ ወደ ታች ወረደ። ወጣቱ እጁን ዘርግቶ ያገኘውን የሳሙና ማስቀመጫ በጎሚስታው ቅንድብ ላይ ሰበረበት። አሁን ሁለቱም ደም በደም ሆኑ። መሬት ላይ ወድቀው ሲንከባለሉ የሽቦን የዕቃ ቦርሳ ገለበጡት። ፒንሳው፣ ቴስተሩ፣ ጥቅል ቴፑ ተበተነ። ጎሚስታው ከላይ ሆነ፤ ቀኝ እጁ ከተበተነው መሐል ግድግዳ የምትፈለፍልበትን መዶሻ አገኘ።

ጉልበቱን የወጣቱ ደረት ላይ ተከለ። የመጀመሪያው ምት አገጩ ላይ ነበር። መንጋጋው ወደ ጎን ዞረ። ሁለተኛው ዓይኑ ሥር። ወጣቱ መጮህ አቆመ፤ ከጉሮሮው የሚወጣው ማንኮራፋት ብቻ ሆነ።

መዶሻው ለሦስተኛ ጊዜ ሲነሳ በሩ ከሽቦ አጠገብ ነበር፤ መውጣት ትችል ነበር። ኋላ ባሏ «ምን ቤት ነሽ አንቺ?» እያለ ሲቆጣት ምክንያቷን ልትነግረው አልቻለችም። መዶሻው የኔ ነው የሚል ሐሳብ ብቻ ነበር በጭንቅላቷ የነበረው። ግራ ክንዷን በወጣቱ ፊት ላይ ዘረጋች፤ መዶሻውም ክንዷ ላይ ወረደ። አጥንቷ ሲሰበር ሕመሙ ወዲያው አልመጣም፤ ክንዷ ያለ ቦታው ሲታጠፍ በዓይኗ ነው ያየችው።

ያኔ አሮጊቷ ከበሩ ወደ ውስጥ ገቡ። ጎሚስታውን ከኋላ በሁለት እጃቸው አንገቱን አቀፉት፣ አፋቸውን ጆሮው ላይ አደረጉ።

«አንዷን ቀብሬያለሁ። ሁለተኛውን አንተ ልታስቀብረኝ ነው?»

መዶሻው ወደቀ። ጎሚስታው በጀርባው ግድግዳው ላይ ተደገፈና እንደ ሕፃን አለቀሰ። አሮጊቷ አላለቀሱም። ነጠላቸውን ቀደው የልጃቸውን ፊት ጠቀለሉ፣ በቀረው ቁራጭ የሽቦን ክንድ አሰሩላት፣ ከዚያ ጎረቤት ለመጥራት ወጡ።

ወጣቱ ተረፈ፤ አንድ ዓይኑና የመንጋጋው ቅርጽ ግን አልተመለሱም። ጎሚስታው ታሰረ። ሽቦ ኋላ ፍርድ ቤት ቀርባ የአንዱን መዶሻና የሌላውን ፒንሳ ሳታዳላ ተናገረች። ሁለቱም ወገን ቂም ያዘባት። ክንዷ በጄሶ ታስሮ ቤቷ በተቀመጠችበት ሰሞን አሮጊቷ መጡ። ከጠዋት ሆስፒታል ለልጃቸው ሾርባ አድርሰው፣ ቀትር ላይ እስር ቤት ለአማቻቸው ምሳ አቀብለው ነበርና ድካማቸው ከፊታቸው ይነበብ ነበር።

«ዋጋውን ሳትነግሪኝ ነው የሄድሽው» አሏት።

«እማማ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ?»

«ቤቱ አሁንም ሰው ይኖርበታል።»

ነገረቻቸው። አልተከራከሩም፤ ቅናሽም አልጠየቁም። ክንዷ ሲጠገን መስመሩን ከቆጣሪው ጀምራ እስከ መጨረሻው አምፖል ነቅላ ቀየረችው። በዚያ ሥራ ሁሉ አሮጊቷ ከአጠገቧ አልተለዩም፤ እያንዳንዱን ገመድ «ይሄ ምን ያደርጋል?» እያሉ ጠየቋት። እሷም አስረዳቻቸው።

ጎሚስታው የተፈታ ዕለት ሽቦ ቤት መጣ። ከስቷል። ባሏ ወንበር ቢስብለትም አልተቀመጠም። የግራ ክንዷን አየ፤ ትንሽ ጠመም ብሎ ነው የገጠመው።

«ይቅርታ ልጠይቅ አልመጣሁም፤ አይበቃምና» አለ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። አስተካክለው ያልኩት እኔ ነኝ። ብሬከሩ ሲወርድ እሷን ሊያድናት ነበር የሚወርደው?»

ባሏ የስፌት መኪናውን አቆመ። ሽቦ መዋሸት ትችል እንደነበር ታውቃለች።

«አዎ ጋሼ» አለችው። «ለዚያ ነበር።»

ራሱን ነቀነቀ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ወጣ፤ በሩንም ቀስ አድርጎ ዘጋው።