ቅንፍና የቡና አልጋ

የደረቀ ጀንፈል ቡና በእጅ ሲገለበጥ የሚንሿሿውን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር በጅማዋ የቡ ያሳለፍኩት ልጅነቴ ይመለስብኛል፤ ዝናዬም አብሮት ይመጣል። በዚያ ዘመን ከየቡ እስከ ደዶ እንደ እኔ ቅንፍ የሚፈታ ልጅ አልተፈጠረም ነበር፤ የሂሳብ መምህራችን ደስታ ቅንፍ ባስተማረ ቁጥር ከክፍሉ ሁሉ መርጦ ወደ ሰሌዳ የሚያወጣው እኔን ነበር። የሚያወጣኝ ግን ስህተቱ እንዴት እንደሚሠራ ለልጆቹ ለማሳየት ነበር።

ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ አባርቶ ትምህርት ሲጋጋም፣ 5 − (x − 3) ብሎ ይጽፍና ጠመኔውን ይሰጠኝ ነበር፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ ኔጌቲቩን ለ x አድዬ፣ 3ን ግን ሳልነካው አልፌ፣ 5 − x − 3 እጽፍና መልሱ 2 − x ነው ብዬ እፎክር ነበር። ክፍሉ በሳቅ ጣራውን ሊያነሳው ይደርሳል። መምህራችን «ሦስት ምን በደለህ? እሱም እኮ ቅንፍ ውስጥ ነው ያለው» ይለኝና፣ 5 − x + 3 ብሎ አርሞ 8 − x ላይ ይደርስ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ሰኔ ላይ ሚኒስትሪ ይጠብቀኛል፣ ከወደቅሁ ደግሞ ሰባተኛ ካለችው ታናሽ እህቴ ከዘሃራ ጋር አንድ ክፍል መማሬ ነው። እሷማ ቦታ መርጣ ጨርሳለች፦ «መስኮቱ ጋ እኔ ነኝ፣ አንተ ከጎኔ። እንዳትኮርጀኝ ብቻ።»

ህዳር ሲገባ የቡ በሙሉ ቡና ይለቅም ነበር፤ እኛም ከትምህርት ቤት ስንመለስ፣ ሽቦ በተወጠረበት የማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና እናገላብጥ ነበር። እኔ የፊት የፊቱን ዳበስ ዳበስ አድርጌ ወደ ኳስ እፈተለክ ነበር። አንድ ቀን እማ እጇን መሀሉ ድረስ ከታ፣ ሻግቶ የተጣበቀ እፍኝ ቡና አውጥታ አፍንጫዬ ሥር አመጣችው።

«ኮቱ፣» አለችኝ በኦሮምኛዋ፣ «ና አሽት! ዳሩን ነክቶ መሮጥ ማገላበጥ ነው? አልጋው ላይ የወጣ ሁሉ ነው የሚገለበጠው፣ ወላሂ!»

«ተይው እማ፣» አለች ዘሃራ ከአልጋው ማዶ እየሳቀች፣ «ቅንፍም ላይ እንዲሁ ነው፤ የመጀመሪያዋን ይገለብጥና ኳስ ሜዳ ነው።»

ክፍሉ ሁሉ ሲስቅብኝ ያልገባኝ ነገር ያኔ፣ ከሻጋታው ሽታ ጋር፣ ገባኝ።

ጥር ላይ ጉዱ መጣ። ዘሃራ ደብል መታችና፣ ሰባተኛን በግማሽ ዓመት ጨርሳ ክፍላችን ገባች፤ መስኮቱ ጋም ተቀመጠች። አሁን ከወደቅሁ እሷ ጅማ ዘጠነኛ ገብታ እኔ የቡ መቅረቴ ነው። እሞታለሁ እንጂ አይሆንም አልኩ! የቤታችንን ግድግዳ በከሰል ቅንፍ በቅንፍ አደረግሁት፤ የቀረውን ጀንፈል ከዳር እስከ ዳር እያገላበጥኩ «አንተ ፕላስ ነበርክ፣ ኔጌቲቭ ሁን፤ አንተ ደግሞ ና፣ ፕላስ» እያልኩ ከቡናው ጋር ሳወራ፣ እማ ጂን ነክቶት ይሆን ብላ ቁርአን ልታስቀራብኝ ምንም አልቀራት።

ሰኔ ላይ፣ የክፍሉ ቆርቆሮ በዝናብ እየተደበደበ፣ ያቺ ቅንፍ መጣች። እርሳሴን አስቀምጬ ዴስኩ ላይ ቡና የተሰጣ ይመስል በሁለት እጄ ማገላበጥ ጀመርኩ፤ ፈታኙ ለዘሃራ ምልክት የምሰጥ መስሎት ጎትቶ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። እዚያም አገላበጥኩ። ሁለታችንም አለፍን፤ መስከረም ላይ ጅማ ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ መስኮቱ ጋ ማን እንደተቀመጠ አልነግራችሁም።

ዛሬ ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ባለው ቤቴ፣ ልጄ ቅንፉን በስልኳ ፎቶ አንስታ መልሱን ከነአሠራሩ ታገኛለች፤ ያኔ መልስ የሚገኘው እጅን እስከ ክንድ ከትቶ ነበር፣ ሽታውም ቶሎ አይለቅም ነበር። አንዳንዴ ስልኩን ትታ «አባ፣ አንተ ፍታልኝ» ያለችኝ እንደሆነ፣ ደረቴን ነፍቼ እጀምርና፣ ውሃ ልጠጣ ብዬ ጓዳ ገብቼ ለዘሃራ እደውላለሁ።

«ሁሉንም ገለበጥክ?» ትለኛለች፣ ሰላም እንኳን ሳትለኝ።

ብዙውን ጊዜ አልገለበጥኩም።