የወንድሜ ሹራብ

ዛሬ ገርጂ ታክሲ ውስጥ ቀይ ሹራብ የለበሰ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ አጠገቤ ተቀመጠ። ሟቹ ወንድሜም እንዲህ ዓይነት ሹራብ ነበረው።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ በአርባው ማግስት፣ ሹራቡን ለብሼ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ጠረኑ ገና አልለቀቀውም ነበር። የዘጠነኞች ሹራብ ሰማያዊ ስለሆነ ዘበኛው ከበር ያዘኝ።

"አንተ ደግሞ መቼ ነው አስራ ሁለት የገባኸው?" አለኝ።

ዳግመኛ ላልመጣ ወደ ቤት ዞርኩ።

የተማሪዎች አማካሪዋ ቲቸር አልማዝ ከኋላ ደረሱ። "ጋሼ፣ የወንድሙ ነው፤ ይግባ" አሉ። ቢሯቸው አስገብተው ምንም አልጠየቁኝም። የረዘመብኝን እጅጌ ሁለቴ አጠፉልኝ።

"ልክህ እስኪሆን ትማራለህ ልጄ፤ ያኔ ትዘረጋዋለህ።"

ደረቴን ነፍቼ ክፍል ገባሁ። እስከ አስራ ሁለተኛ ተማርኩ። ሹራቡ አሁን ልኬ ነው። እሳቸው ያጠፉልኝን እጅጌ ግን እስካሁን አልዘረጋሁትም።