የማይቆመው ክሪስታል

ቆሰበር ከተማ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ፣ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕና አንድ ክሪስታል ነበሩኝ። ክሪስታሉን በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ በቁጥር ብቻ ያለ፣ የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይራል ተብሎ የታሰበ ሴሚኮንዳክተር ነው። መብራት ከመኖሩ አለመኖሩ በሚበዛበት ከተማ ይህን መምረጤ አሁንም ያስቀኛል፤ የምሬት ሳቅ።

የማስተርስ ጥናቴ ጥያቄ አንድ ነበር። አተሞቹ በሽቦ ሞላ እንደተያያዙ ኳሶች ሲንቀጠቀጡ፣ ሲጫኗቸውና ሲለጥጧቸው ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ ወይ? ስሌቱ ቀናት ይፈጃል፤ መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ከሀ ይጀምራል። የትምህርት ፈቃዴ ደግሞ እያለቀ ነው። ካልጨረስኩ ባዶ እጄን ዳንግላ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት መመለሴ ነው።

መብራት ሲኖርም የግቢው ቆጣሪ አይምረኝም። አከራዬ የኤሌክትሪክ ምድጃቸውን የሰኩ እንደሆነ ይዘጋል። ስሌቱን ደጋግሜ ብጀምረውም ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ሆነብኝና በመጨረሻ ምድጃውን እንዳይሰኩ እያፈርኩ ለመንኳቸው። የልጃቸውን ተዝካር ሊያወጡ ሽር ጉድ ላይ ነበሩ።

«መቼ ያልቅልሃል፣ ልጄ?»

«አርብ፣ እማማ።»

«እንግዲያስ በእንጨት እሠራዋለሁ። ምን ገዶኝ!»

ሳምንቱን ሙሉ ዘነበ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ከመንደድ መጨስ ይቀናዋል። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ እፍ ሲሉ በመስኮት አያቸው ነበር። መብራቱ ግን አልጠፋም፤ እግዜር ራሱ የራራልኝ መሰለኝ።

አርብ ከሰዓት በኋላ ስሌቱ አለቀ። የንዝረቱ መስመሮች ከዜሮ በታች ወርደዋል። ለአማካሪዬ ደወልኩ።

«ከዜሮ በታች ከሆነማ ክሪስታሉ አይቆምም፤ ትንሽ ሲነካ ይፈርሳል» አለኝ። «አወቃቀሩን ቀይርና እንደገና ጀምር።»

«ፈቃዴ እኮ ሰኞ ያልቃል።»

ስልኩን ዘግቼ ላፕቶፑን ከደንኩት።

ስወጣ አከራዬ ደጃፉ ላይ ቆመዋል፤ ዓይናቸው ደም መስሏል።

«ወጣልህ፣ ልጄ?»

እውነቱን ልነግራቸው ነበር። ዓይናቸውን አይቼ አቃተኝ።

«ወጣልኝ፣ እማማ።»

በማግስቱ፣ በተዝካሩ ላይ ቀሳውስቱ ከበሉ ከጠጡ በኋላ፣ አከራዬ እጄን ይዘው ወደ ድንኳኑ መሃል አስገቡኝ። «ይኼም ልጄ ነው፤ ትምህርቱን ጨረሰ፤ መርቁልኝ» አሏቸው። ሽማግሌው ቄስ መስቀላቸውን አነሱ።

«አስጀምሮ ያስፈጸመህ አምላክ ይመስገን!»

ድንኳኑ በሙሉ አሜን አለ። እኔም አብሬ አልኩ።